ጋሼ ዘርዓብሩክ ይጠየቁ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል የጨመረበት ሰው ካለ ገብርኤል ይፍረድበት፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ላይ የመኪና ማቆሚያ እንዳጣ ይኑር። ስዩም ጋሼ ዘርዓብሩክን ካልቨር ሲቲ ላይ ከባቡር ጉሮሮ ነጥቆ አውጥቷቸዋል። ያውም ባቡሩ ካልቨር ሲቲ ድረስ መምጣት ከጀመረ ብዙም ያልቆየ፣ ገና ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ፍጥነቱ ጥይት። ስዩም እጁን ዘርግቶ ሐዲዱ መሀል ሲቆም ባቡሩ አፍንጫው ጋ ደርሶ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ወርዶ እጁን ጨበጠው። ተሳፋሪው በሙሉ አጨበጨበ። ነገሩ መጀመሪያ ሲወራ መኪና ነበር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ባቡር ሆነ የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ትዝታ እየቆየ ሲሄድ እንደሚጠራ አያውቁም። ምስክር ለሚፈልግም ምስክር አለ። ጋሼ ዘርዓብሩክ በሕይወት አሉ፣ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ችግሩ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ልጅ የእውነት ልትጠይቃቸው መጣች።

ያን ጠዋት ስዩም የፕላስቲክ ወንበሮች ከጋራዥ ወደ ሳሎን እያመላለሰ ነበር። ሁለቱን በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ ይዞ፣ አንዱን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሲገባ የቤቱ ባለቤት እትዬ የምሥራች ከኩሽና ብቅ አሉ።

"ስዩም፣ ቀስ። ያለፈው ጊዜ የላጥከው ግድግዳ ገና ቀለሙ አልደረቀም።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ሆቴል ውስጥ ፒያኖ ብቻዬን ከፎቅ ያወረድኩ ሰው ነኝ።"

"አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሶፋ ነበር።"

የእትዬ የምሥራች ቤት ከፌርፋክስ አቬኑ አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ፣ አቅም ያነሳቸው አዛውንት የሚጦሩበት ቤት ነው። ያሉት አልጋዎች ስድስት ናቸው፤ ስዩም ሲያወራው ግን ቤቱ ሆስፒታል ያክላል፣ እሱም ዋና ሐኪም ለመሆን የቀረው ነጭ ካፖርት ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ሆሊውድ ውስጥ ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው። እዚያ ሰው ቁልፉን ይወረውርለታል እንጂ ፊቱን አያየውም። ከባቡሩ ወዲህ ግን ፌርፋክስ ላይ ሬስቶራንት ሲገባ ወንበር ይሳብለታል፤ "ባቡሩ መጣ" ይባልለታል። ይህን ስም ሎስ አንጀለስን በሙሉ ቢሰጡት አይለውጠውም።

ቁልፍ አሁንም ይይዛል። የኋላው በር ቁልፍ በቀይ ገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጋሼ ዘርዓብሩክ በዚያ በር ነበር የሚወጡት። አገር ቤት መንገድ ቀያሽ ነበሩ። እዚህም በየጠዋቱ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በኋላው በር ወጥተው፣ ፌርፋክስን በእግራቸው ለክተው፣ አውቶቡስ ፌርማታው ወንበር ላይ አረፍ ብለው ይመለሱ ነበር። አእምሯቸው መርሳት ጀምሯል። ቁርስ ላይ የበሉትን ምሳ ላይ ይረሱታል፤ እትዬ የምሥራችን አንዳንዴ በእህታቸው ስም ይጠሯቸዋል። ቢሆንም ማንም መውጣታቸውን አልከለከለም ነበር። የባቡሩ ወሬ ግን ከሬስቶራንቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሆሊውድ ሆቴል ውስጥ ወደምትሠራው ልጃቸው ወደ ፅጌ ደረሰ። ፅጌ በስልክ አለቀሰች። በሩ ተቆለፈ።

ጋሼ ዘርዓብሩክ አሁንም በየጠዋቱ ኮፍያቸውን ያደርጉና በሩ ጋ ይቆማሉ። እጀታውን አይነኩም፤ ክፈቱልኝም አይሉም። ትንሽ ቆመው ይመለሱና ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። በዚያ ሰዓት ስዩም ኩሽና ውስጥ የሚያጥበው ሰሃን አያጣም።

አሁን ደግሞ ፅጌ ከከተማው ራቅ ያለ፣ በሮቹ ሁሉ በኮድ የሚከፈቱ ቤት አግኝታለች። እትዬ የምሥራች፣ "ቅዳሜ አሠልጣኝ ትመጣለች። ተንከባካቢዎቹን ስታስተምር አባትሽንም ታነጋግራቸውና፣ ከዚያ ወስኚ" ባይሏት ኖሮ ይህን ጊዜ ወስዳቸው ነበር። ስለዚህ ፅጌ ከሥራ ቀርታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

የሎስ አንጀለስ ተንከባካቢ ሁሉ የመጣ ይመስል ሳሎኑ ጢም አለ፤ አንዳንድ ወንበር ባዶ የቀረው ስዩም ከሚያስፈልገው በላይ ስላመጣ ነው። አሠልጣኟ ሄራን ትባላለች፤ ልጅ ሆና መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ያሰረች፣ ሲያናግሯት ዓይኗን ከሰው የማትነቅል ልጅ ናት።

"ሶ፣ ዛሬ የምንማረው ሁለት ነገር ነው" አለች። "አንደኛው፣ አንድ ሰው ራሱ መወሰን ይችላል ወይ የሚለውን እንዴት እናውቃለን። ሁለተኛው፣ ለደህንነቱ ብለን ያደረግነው ነገር መቼ ነው እስር የሚሆነው።"

"እስር?" አሉ እትዬ የምሥራች። "እኛ ማንን አሰርን?"

"መውጣት ሲፈልግ መውጣት ይችላል? ሁልጊዜ ሰው ይጠብቀዋል? በሩ በፍቅርም ይቆለፍ፣ ያው ተቆልፏል፣ እትዬ። ምክንያት ሊኖረን ይችላል። ግን ምክንያቱን ማሳየት አለብን።"

የስዩም እጅ ሳያስበው ወደ ቀዩ ገመድ ሄደ።

"ደግሞ አሰስ የምናደርገው፣ የምንመዝነው፣ ሰውየውን አይደለም" ብላ ሄራን ቀጠለች። "አንዱን ውሳኔ ነው። ስልክ መደወል ያቃተው ሰው ምን እንደሚለብስ ሊወስን ይችላል። ከሰዓት ግራ የሚገባው ሰው ጠዋት ጥሩ ሊሆን ይችላል። የምትነግሩት ነገር ይገባዋል? እስኪወስን ድረስ ይይዘዋል? ይሄን ባደርግ ያ ይመጣብኛል ብሎ ያመዛዝነዋል? ከዛ መልሱን በሆነ መንገድ ይነግራችኋል? በቃ። እኛ የማንወደውን ስለመረጠ ብቻ አልቻለም አይባልም።"

"እኔ ሰውን ዓይኑን አይቼ ነው የማውቀው" አለ ስዩም። "ሚሊዮን ሰው ነው በእጄ ያለፈው።"

"ሚሊዮን መኪና" አለች ሲሀም። ሲሀም ሆሊውድ ውስጥ በሌላ ቤት የምትሠራ ተንከባካቢ ናት፤ ስዩምን ከፓርኪንግ ዘመኑ ጀምሮ ስለምታውቀው አፏን አትገታለትም።

"ሰው የሌለበት መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ሰው የሌለበት ባቡር ግን ሰምቻለሁ። አንተ ካቆምከው ባቡር ላይ አንድ ተሳፋሪ ላገኝ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።"

ሳሎኑ ሳቀ። ፅጌ አልሳቀችም።

ሄራን ሁለቱን ፊት ለፊት አቆመቻቸው። "ጥሩ፣ እናንተ ትጀምራላችሁ። ጋሽ ስዩም፣ አንተ ነዋሪ ነህ፣ መውጣት ትፈልጋለህ። ሲሀም ኬርጊቨሯ፣ ተንከባካቢዋ ናት።"

"ወዴት ነው?" አለች ሲሀም፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"ፌርፋክስ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ጉዳይ አለኝ።"

"የምን ጉዳይ?"

"አንቺ ምን አገባሽ?"

"ተቆጣ" አለች ሲሀም ወደ ሰዉ ዞራ። "ተረብሿል ብዬ እጽፋለሁ፤ አይወጣም።"

"ትልቅ ሰው ነኝ እኮ። ፌርፋክስ ለመሄድ ምክንያት ማቅረብ አለብኝ?" አለ ስዩም። ለጨዋታ የጀመረው ነገር የእውነት ሆነበት። ሄራን ዓይኗን አልነቀለችበትም። ስዩም ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ተቀመጠ።

ከዚያ ተራው የጋሼ ዘርዓብሩክ ሆነ። ሰው ፊት ለመጠየቅ ፈቃደኛ ነኝ ብለው ስለነበር ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጥተው ሄራን ፊት ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ ደህና ነህ? ሻይ ትጠጣለህ?" አለች። አንቱታ ምላሷ ላይ አልበቀለም። ስዩም ሽምቅቅ አለ፤ ጋሼ ዘርዓብሩክ ግን ፈገግ አሉ።

"ይብቃኝ፣ ልጄ። ደህና ነኝ።"

"ኦኬ" አለችና የወረቀት ኩባያውን ወደ ጎን ገፋችው።

ስዩም በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጭካኔ አይቶ አያውቅም። ተነሥቶ ኩባያውን አነሣ። "ጋሼ፣ በሞቴ። አንዲት ፉት።"

"ኧረ ተው፣ ምን አስቸገረህ።"

"በሞቴ አልኩ።"

"እሺ፣ ካልክ።" ተቀብለው ጭልጥ አድርገው ጠጡት።

ሄራን ግንባሯን ቋጠር አደረገች። "ይሄ ኢምፖርታንት ነው። አያችሁ? አልፈልግም አለ፣ ወዲያው ደግሞ ተቀበለ። ውሳኔውን አልያዘውም።"

ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

"ልጄ፣ የመጀመሪያው እንቢታ እኮ መልስ አይደለም" አለ ስዩም። "ሰላምታ ነው።"

"ሶ፣ መልሱ የትኛው ነው?"

"ሦስተኛው። አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። እኔ አንድ ሠርግ ላይ እንቢ እንዳልኩ ሙሽሮቹ ልጅ ወለዱ።"

ሄራን አልሳቀችም፤ ነገሩን አሰበችበት። "ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፣ ጋሽ ስዩም። በሩ ሲቆለፍ ማን ነው እሱን የጠየቀው?"

"እኔ።"

"ምን ብለህ?"

ስዩም ለመመለስ አፉን ከፈተ። ያኔ ያለው "ጋሼ፣ በሞቴ፣ ለጊዜው ይቆለፍ" ነበር። እሳቸውም "እንደ ፈቀዳችሁ" ነበር ያሉት። ከዚያ በፊት ግን "አይ፣ ይቅር" ብለው እንደነበር አሁን ትዝ አለው። ሰላምታ መስሎት ነበር ያለፈው።

"በደንብ አድርጌ ነው የጠየቅኳቸው" አለ።

ሄራን ወንበሯን ወደ ጋሼ ዘርዓብሩክ አስጠጋች። "ጋሼ፣ የኋላው በር ለምን እንደተቆለፈ ታውቃለህ?"

"ሰዎች ሰግተው ነው።"

"ምን ይሆናል ብለው?"

ጋሼ ዘርዓብሩክ ስዩምን ተመለከቱት፣ ከዚያ ኮፍያቸውን። "የሆነውን ስዩም ነግሯችኋል መቼም።"

"ከአንተ መስማት እፈልጋለሁ። ያን ቀን ምን ሆነ?"

"እንግዲህ… ስዩም እንዳለው ነው።"

"ካልቨር ሲቲ በምን ሄድክ?"

"እሱ ያውቀዋል።"

"ባቡሩስ?"

"እሱንም… እሱ ያውቀዋል።"

ፅጌ ቦርሳዋን ጨመቀችው። "አየሽ አይደል?" አለች ለሄራን፣ ድምጿ እየሰለለ። "ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ ተመልሶ፣ ምኑንም አያስታውሰውም። እኔ አልጋ እያነጠፍኩ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የሚታየኝ ባቡር ነው። አባቴን ልሰረው ብዬ አይደለም።"

"ገብቶኛል" አለች ሄራን በቀስታ። "የመጨረሻው ውሳኔ የኔ አይደለም፤ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። አደጋው ምን እንደሆነ ሊነግረኝ ካልቻለ፣ አመዛዝኖታል ማለት አልችልም።"

"በቃ። ሰኞ እወስደዋለሁ።"

ሄራን እረፍት እንውሰድ አለች። ሰዉ ወደ ግቢው ሲበተን ስዩም እንደ ልማዱ ወደ ኩሽና ገባ። ያን ዕለት ግን ሁሉም በወረቀት ኩባያ ስለጠጣ የሚታጠብ ነገር አልነበረም። ዞር ሲል ጋሼ ዘርዓብሩክ ኮፍያቸውን አድርገው ኩሽናው አጠገብ ያለው የኋላ በር ጋ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሯትም?" አለ።

"ምኑን?"

"ያውቁታል።"

ጋሼ ዘርዓብሩክ በበሩ መስታወት ወደ ውጭ አዩ። "ሬስቶራንት ስትገባ ወንበር ይስቡልሃል አሉኝ" አሉ። "ደስ አለኝ። ሰው የሚስብለት ወንበር ሲኖረው ጥሩ ነው።"

"ሰኞ ይወስዱዎታል እኮ።"

"ይወስዱኛል።"

ይህን ያሉት አየሩ ደመና ነው እንደሚል ሰው ነው። ኮፍያቸውን አወለቁና ወደ ሳሎን ተመለሱ። ስዩም ባዶው የዕቃ ማጠቢያ ፊት ቆሞ ቀረ። ያ ፊት የረሳ ሰው ፊት አይደለም። ወጡ አሮ ሳለ ባለቤቲቱን ላለማሳፈር "እጅሽ ይባረክ" የሚል እንግዳ ፊት ነው። እኚህ ሰው ያን ቀን አንዲት ነገር አልረሱም።

ሁሉም ተመልሶ ሲቀመጥ ስዩም ጉሮሮውን ጠረገ። "ባቡሩ እንኳ… ያን ያህል ፈጣን አልነበረም" አለ።

ሰዉ በሙሉ ወደሱ ዞረ።

"ማለቴ፣ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል። ራቅም ብሎ ነበር። ያጨበጨበውም ሁሉም ሰው አይደለም።"

"ሾፌሩስ?" አለች ሲሀም።

"ሾፌሩ ከሩቅ ነው እጁን ያወዛወዘልኝ።"

ከዚህ በላይ አልወርድ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ነገር ሲያሳድግ የኖረ ምላስ ማሳነስ አያውቅበትም፤ እያንዳንዷ ቃል ጥርስ እንደመንቀል ሆነችበት። እውነቱን ልናገር ብሎ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚወጣው ያው ባቡር ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረገ። ተነሥቶ ጋሼ ዘርዓብሩክ ፊት በርከክ አለ።

"ጋሼ፣ በሞቴ።"

"አይ፣ ጠጣሁ እኮ። ይበቃኛል።"

"ሻይ አይደለም። እንደሆነው አድርገው ይንገሯት። ለኔ ብለው አይተዉት።"

"ተው፣ ስዩም። ሰው ፊት ደግ አይደለም።"

"በሞቴ አልኩ።"

"ነገ ሰው መሀል የምትቀመጠው አንተ ነህ።"

"ቆሜ እበላለሁ፣ ጋሼ። እኔ ልሙት።" ቀዩን ገመድ ከአንገቱ አወጣና ቁልፉን ጭናቸው ላይ ባለው ኮፍያ ውስጥ አስቀመጠው።

ጋሼ ዘርዓብሩክ ቁልፉን አዩት፤ አልነኩትም። ከዚያ ቀና ብለው ሄራንን አዩ።

"ካልቨር ሲቲ ባቡሩ የሚሄደው ከላይ፣ በድልድይ ነው፣ ልጄ" አሉ በዝግታ። "እኔ በዚህ ጉልበቴ እንዴት ብዬ ሐዲዱ ላይ እወጣለሁ?"

"ታዲያ የት ነበርክ?" አለች ሄራን።

"ወንበሬ ላይ። ፌርማታው ጋ፣ ጥላው ሥር። ከዚያ አልፌ አልሄድም። ኦሊምፒክ የሚባለውን መንገድ ከተሻገርኩ ወዲያ መንገዱ ይምታታብኛል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።"

"በሩ ቢከፈትና መመለሻው ቢጠፋህስ? ብትወድቅስ?"

"ልወድቅ እችላለሁ። እዚህም መታጠቢያ ቤት ወድቄ አውቃለሁ። መመለሻው የጠፋኝ ቀን ከወንበሩ አልነሣም፤ የሚፈልገኝ ሰው እዚያ ያገኘኛል። የእትዬ የምሥራችን ስልክ ጽፋችሁ ኪሴ ውስጥ ክተቱልኝ፣ እሱን ልረሳው እችላለሁ። ግን ልውጣ።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ያ ቤት አልሄድም፣ ፅጌ። ይሄ ሰላምታ አይደለም።"

ፅጌ ቦርሳዋን ለቀቀችው። መሬት ወድቆ እንኳ አላነሣችውም። "ግን አባዬ፣ ያን ቀን ስትዘገይ ስዩም አንተን ሊፈልግ ወጥቶ ነበር እኮ። አብራችሁ ስትገቡ እትዬ የምሥራች አይተዋል። የት አገኘህ?"

ጋሼ ዘርዓብሩክ ስዩምን አዩት። ስዩም ገና እንደተንበረከከ ነበር፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እሺታውን ሰጣቸው።

"አላገኘኝም" አሉ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ የፈለጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከመንገዱ ማዶ ወደ ፒኮ መንገድ ሲሮጥ አየሁት። አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ ባዶ ነው፤ እያለቀሰ ስሜን ይጣራል። አቤት ብለው አልሰማኝም። መብራቱ እስኪፈቅድ ጠብቄ ተሻገርኩና ትከሻውን ነካሁት። ደንግጦ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶበት ነበር። እጁን ይዤ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ።"